ሊወርዱ ሲሉ

ነገሩ የጀመረው በስህተት ነው። ስልክ ላይ ያገኘሁት የአንድ አሮጌ ሥዕል ቅጂ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ነበር፤ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ። ሥዕሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ፒተር ብሩገል አባትየው በፈረንጆቹ 1565 የሣለው፣ ሦስት አዳኞች ከነውሾቻቸው በአመዳይ ላይ ሲጓዙ የሚታዩበት ነው። ከቅጂው የጎደለ ነገር የለም። ዛፎቹ አሉ፣ ወፏ አለች፣ የረጉት ኩሬዎች አሉ፣ ተራሮቹም ከሩቅ ቆመዋል። ብርዱ ግን የለም። መጀመሪያ ቀለሙ የተነካካ መስሎኝ ከትክክለኛው ቅጂ ጎን አድርጌ አየሁት። ቀለሙ ያው ነው። የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ይህ ነገር አልለቅህ አለኝ። ስለ ሥዕል ድባብ ስናወራ የምንሮጠው ወደ ታሪኩ ነው። አዳኞቹ ደክመዋል፣ ይዘው የተመለሱት አንዲት ቀበሮ ብቻ ናት፣ ውሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ስለዚህ ያሳዝናል እንላለን። ሌላው ደግሞ ኩሬው ላይ የሚንሸራተቱትን አይቶ ደስ ይላል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን በተገላበጠው ቅጂ ላይም ቀበሮዋ አንድ ናት፣ ኩሬው ላይም ጨዋታው አልቆመም። ታሪኩ ሳይነካ ስሜቱ ከተነካ፣ ስሜቱ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ያንን ቦታ ፍለጋ ሥዕሉን እንደ ሰዓት ፈታትቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቁልቁለቱ

ሥዕሉ ያለው ቪየና፣ ኩንስትሂስቶሪሽስ ሙዚየም ውስጥ ነው። በኦክ ሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 117፣ ወርዱ 162 ሴንቲ ሜትር ነው። አጽሙን ለማየት ከማንበብ ይልቅ በእጅ መሞከር ይሻላል። ወረቀት ላይ ቁመቱ 10፣ ወርዱ 13.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሥሩ፤ ምጥኑ ከዋናው ጋር ይገጥማል፣ አንዷ ሴንቲ ሜትር የዋናውን 11.7 ትይዛለች። ከዚያ ሰውንም፣ ቤትንም፣ ውሻንም ለጊዜው እርሱት። የምታሰፍሩት ሁለት ሰያፍ መስመሮችን ብቻ ነው። አንዱ ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚወርደው የኮረብታው ጠርዝ ነው። ሌላው ከቀኝ ላይኛው ማዕዘን፣ ከተራሮቹ ትከሻ ተነስቶ ወደ ግራ የሚወርደው ተዳፋት ነው። ምንም ሳይጨመርበት ሸለቆ አገኛችሁ። አድማሱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ደግሞ የቆማችሁት ሜዳ ላይ ሳይሆን ከፍታ ላይ ነው። አዳኞቹ የቆሙበት ከፍታ የእናንተም ነው።

ቀጥሎ የዛፎቹን ግንዶች አቁሙ። በኮረብታው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ የቅርቡ ወፍራም ነው፣ ቀጣዩ ይቀጥናል፣ የሚከተለው ያጥራል። ሥዕሉን የሚቀዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ግንዶቹን ያቀጥናሉ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ግን እኩል ያደርጉታል። ክፍተቱ እኩል ሲሆን ዛፎቹ አጥር ይሆናሉ፣ ዓይንም አጥሩ ጋ ደርሶ ይቆማል። ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ ግን እንደሚፈጥን የከበሮ ምት ነው፤ ሳይታወቀን ቁልቁል ይዞን ይወርዳል። የአዳኞቹም እግር የሚራመደው በዚያው ምት ነው። ጥቁር ግንድ፣ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር ግንድ። ሰዎቹን ከዛፎቹ የሚለያቸው ጎንበስ ማለታቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ኮረብታው ያልቃል፤ ከዚያስ? መንገዱ አይታይም። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ጠመዝማዛ መንገድ ሠርቶ ዓይናችንን እጅ ይዞ ወደ ሸለቆው ያወርደው ነበር። ብሩገል ግን የኮረብታውን ጠርዝ እንደ ተቆረጠ እንጀራ አድርጎ ትቶታል። እዚህ ጥቁርና ትልቅ ነገር አለ፣ እዚያ ታች ነጥብ የሚያካክሉ ሰዎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው አየር ነው።

አየሩን የሚሞላው ደግሞ አንድ ወፍ ነው። ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈውን ረጅም ጭራ ወፍ በጣታችሁ ጫፍ ሸፍኑት። ስልክ ላይ ከክብሪት ራስ አይበልጥም። ሲሸፈን ሸለቆው ወዲያው ጠፍጣፋ መጋረጃ ይሆናል፤ ተራሮቹም ወደ ዛፎቹ ተጠግተው የሚለጠፉ ይመስላሉ። ጣታችሁን ስታነሱ ጥልቀቱ ተመልሶ ይከፈታል። ምክንያቱ ወፉ የሚንሳፈፈው እኛ በቆምንበት ከፍታ አካባቢ ሆኖ ከእግሩ ሥር ምንም አለመኖሩ ነው። ሌሎቹ ወፎች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቅርንጫፉ ግንድ አለው፣ ግንዱ መሬት አለው። ይህኛው ግን ባዶው ላይ ነው። ዓይን መንገድ ስላጣ በወፉ በኩል ይሻገራል።

የተገላበጠው ቅጂ

አሁን ወደ ስህተቱ ልመለስ። ስልክ ላይ ምስል ማስተካከያውን ከፍታችሁ ግራ ቀኙን አገላብጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እያቀያየራችሁ እዩ። አሥር ሰከንድ ለአንዱ፣ አሥር ሰከንድ ለሌላው። አትቸኩሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በትክክለኛው ላይ የምንገባው በግራ ነው፣ እንደምናነበው። ስንገባ የምናገኘው የአዳኞቹን ጀርባ ነው። ፊታቸውን አናይም፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር አንገናኝም፣ ከኋላቸው እንሰለፋለን እንጂ። መሬቱ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ዓይናችን ሳይለፋ ይንሸራተታል። ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ ባዶው። ብርዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቆዳ የሚነካ ብርድ አይደለም፤ መያዣ ሲጠፋ ሆድ ውስጥ የሚሰማው ዓይነት ነው።

በተገላበጠው ላይ የምንገባው በኩሬዎቹና በተራሮቹ በኩል ነው። መጀመሪያ የምናገኘው ጨዋታውን ነው፤ ከዚያ መሬቱ እየተነሳ ይሄድና በቀኝ በኩል ጥቁሮቹ ሰዎች ጋ ያደርሰናል። ቁልቁለቱ ዳገት ሆነ። አዳኞቹም ከኋላ የምንከተላቸው መሆናቸው ቀርቶ መንገዱ መጨረሻ ላይ የምናገኛቸው ሰዎች ሆኑ። ዛፎቹ የሥዕሉን ቀኝ እንደ በር ዘጉት። ዓይን ዳገት ወጥቶ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ዕረፍት ነው የሚያገኘው። ቤት የደረሰ ያህል ነው። ያው በረዶ፣ ያው ቀበሮ፣ ግን የቤት ስሜት።

ለብሩገል ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ከ1550ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዛሬ ቤልጅየም ባለችው አንትወርፕ ውስጥ ለሂሮኒመስ ኮክ ማተሚያ ቤት ንድፍ ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ አሠራር እንዲህ ነው፤ ሠዓሊው በወረቀት ላይ ይነድፋል፣ ቀራጩ ንድፉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀርጻል፣ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶና ተጠርጎ ወረቀት ላይ ሲጫን ምስሉ ተገላብጦ ይወጣል። በንድፉ በቀኝ እጁ ጎራዴ የያዘ ሰው በህትመቱ ግራኝ ይሆናል፤ በግራ የነበረ ተራራ በቀኝ ይቆማል። ስለዚህ ለማተሚያ የሚነድፍ ሰው መገላበጥን ማሰብ የዕለት ሥራው ነው። ሌላው በአጋጣሚ ስልክ ላይ የሚያየውን እሱ በየጊዜው ከማተሚያው ሥር ሲወጣ ያየው ነበር።

ተራሮቹስ? አንትወርፕ ያለችበት የፍላንደርዝ አገር ሜዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ሹል ድንጋይ የለውም። ብሩገል በ1550ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጣሊያን ሲጓዝ የአልፕስን ተራሮች አቋርጧል፤ ከጉዞው በኋላም ኮክ 12 ትላልቅ የመልክዓ ምድር ህትመቶችን በእሱ ንድፍ አውጥቷል። ካረል ፋን ማንደር በ1604 ባሳተመው የሠዓሊዎች የሕይወት ታሪክ፣ ብሩገል ተራራና ድንጋዩን ሁሉ ውጦ ቤቱ ሲደርስ በሳንቃ ላይ ተፋው ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን የተፋው በዘፈቀደ አይደለም። ተራሮቹን በእጃችሁ ሸፍኗቸው፤ ሁለተኛው ሰያፍ ይጠፋል፣ የኮረብታው ቁልቁለትም የሚቀበለው አጥቶ በቀኝ በኩል ከሥዕሉ ይወጣል። ተራሮቹ እዚያ የቆሙት የሚወርደውን ዓይን መልሰው ወደ ሸለቆው እንዲጥሉት ነው።

መሬቱ ከሰማዩ ሲበራ

አቅጣጫው ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን የሚያሳየው እዚያው ዓመት የተሣለ ወንድሙ ነው። ይህ ሥዕል ካለበት፣ ስድስት እንደነበሩ ከሚታመነው የወራት ተከታታይ ሥዕሎች ዛሬ አምስት ቀርተዋል፤ ሦስቱ ቪየና፣ አንዱ ፕራግ፣ አንዱ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም። ኒው ዮርክ ያለው አጫጆቹ ነው። እዚያም ከፍታ አለ፣ በቅርብ የቆመ ዛፍ አለ፣ ታች የተዘረጋ ሩቅ አገር አለ። አጥንታቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም አንዱ ያልባል፣ ሌላው ይበርዳል።

ልዩነቱን ለማግኘት የምስሉን ቀለም በስልኩ ማስተካከያ ወደ ዜሮ አውርዱና ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ደረጃ ብቻ ይቀራል። በአብዛኞቹ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ብሩሁ ሰማዩ ነው፣ መሬቱ ይጠቁራል። በአዳኞቹ ሥዕል ላይ ግን ብሩሁ መሬቱ ነው፤ ሰማዩ መካከለኛ ግራጫ ነው፤ ዛፎቹ፣ ሰዎቹና ውሾቹ ጥቁር ናቸው። ብርሃኑ ከታች የሚመጣ ይመስላል፣ ሰማዩም እንደ ድስት ክዳን ተጭኗል። ፀሐይ ስለሌለች ጎላ ብሎ መሬት ላይ የተኛ ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ደግሞ ሰዓቱ አይታወቅም። ከረፋዱ ነው? ሊመሽ ነው? ያ ግራ መጋባት ራሱ ከድባቡ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር አለ። እኛ ከሰማይ ለሚወርደውም፣ ኩሬ ላይ ለሚረጋውም፣ ጣራ ለሚቀጠቅጠውም በረዶ እንላለን። ብሩገል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀለም ለይቷቸዋል። አመዳዩ ትንሽ ሞቅ ያለ ነጭ ነው፤ የረጋው ውሃ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ያ ግራጫ ደግሞ የሰማዩ ቀለም ነው። ኩሬዎቹ ከሰማዩ ተቆርጠው መሬት ላይ የተቀመጡ ቁራጮች ናቸው። ስለዚህ ሰዎቹ የሚጫወቱት በዚያው በሚጫናቸው ነገር ላይ ነው። ለእኔ ከቀበሮዋ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ሌላ ነበር። ከመልክዓ ምድር ሠዓሊው ዮአኪም ፓቲኒር በኋላ የመጡ የአንትወርፕ ሠዓሊዎች ርቀትን የሚያሳዩት በሦስት ቀለም ንብብር ነው፤ ቅርቡ ቡናማ፣ መሐሉ አረንጓዴ፣ ሩቁ ሰማያዊ። ይሠራል፣ ግን ሁሉንም አገር አንድ ያስመስለዋል። ብሩገል በዚህ ሥዕል ቅርቡንም ሩቁንም በነጭና በዚያው ግራጫ ሠርቶ፣ ርቀቱን ለመጠንና ለወፉ ትቶታል። ሞቃት ቀለም በስስት ነው የተሰጠው፤ የግድግዳ ሸክላ፣ የውሾቹ ቆዳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በግራ በኩል ከመሸታ ቤቱ ደጅ የሚነደው እሳት። እሳቱ የት እንደተቀመጠ ልብ በሉ። ከአዳኞቹ ፊት አይደለም። አልፈውት እየሄዱ ነው፣ እሳቱ ዙሪያ ያሉትም ዞር ብለው አያዩዋቸውም። ሙቀቱ ከፊታቸው ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ስለ መድረስ ይሆን ነበር።

በብሩሽ ለሚሞክሩ ሁለት ቃል። በቱቦ ያለውን ነጭ እንዳለ አትቀቡ፤ ገና ከጅምሩ ነጩን ከጨረሳችሁት የሚያበራ ነገር አይተርፋችሁም። ለቅርቡ አመዳይ 10 እጅ ነጭ ላይ አንድ እጅ ቢጫ አፈር ጨምሩና ጀምሩ፤ ሲበዛ አሸዋ ይሆናል፣ ቀንሱት። ለሩቁ ነጭ ላይ ጥቂት ጥቁር በቂ ነው፤ ነጭና ጥቁር ሲደባለቁ ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በጣም የተለመደው ጥፋት ከፎቶ የለመድነውን ደማቅ ሰማያዊ ጥላ በረዶው ላይ መጣል ነው። ያ የፀሐያማ ቀን በረዶ ነው፤ አንዴ ከገባ ሰማዩ ደመና መሆኑን ማንም አያምናችሁም።

የኢንተርኔት ቅጂዎችም ተመሳሳይ ጥፋት አለባቸው። ስልክና ካሜራ ነጭ ነገር ሲያዩ ማጽዳት ይወዳሉ፤ አመዳዩን አንጽተው ሰማዩን ውሃ ሰማያዊ ያደርጉታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው፤ በረዶው አምሮ ብርዱ ይሄዳል። ሌላም አለ፤ አሮጌ ቫርኒሽ በዕድሜ ሲቢጫ ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይስበዋል። ስለዚህ ትክክለኛውን ቀለም ለማግኘት ከመድከም ይልቅ የትኛው ከየትኛው ይበራል የሚለውን መያዝ ይሻላል። ያ ግንኙነት ከቀለሙ የበለጠ ዕድሜ አለው።

ሊ… ሲል

አማርኛ ለዚህ ሥዕል የተሠራች የምትመስል ቅርጽ አላት። ሊወድቅ ሲል። ሊደርሱ ሲሉ። ድርጊቱ አልሆነም፣ አልቀረምም፤ አፋፍ ላይ ነው።

የመሸታ ቤቱን ታፔላ ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ በግራ ላይኛው ጥግ ነው። ሁለት መያዣ የነበረው አሁን በአንዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ዘሟል። ላዩ ላይ የተሣለው በአጋዘን ፊት የተንበረከከ ቅዱስ ነው፤ የአዳኞች ጠባቂ። ባዶ እጃቸውን ሊገቡ ምንም ያልቀራቸው አዳኞች ከሥሩ ያልፋሉ፣ ጠባቂያቸው ከላያቸው ሊወድቅ ይላል፣ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ወደ ሩቁ ስትሄዱ ደግሞ ከአንድ ቤት ጭስ ማውጫ እሳት ተነስቷል፤ ሰዎች መሰላል ይዘው ይሯሯጣሉ፤ ይጠፋል ወይስ ይዛመታል? አይታወቅም። በቀኝ ታች የወፍጮው መዘውር በረዶ ይዞት ቆሟል፤ ሊዞር ሲል የተያዘ ነው። ወፉ አላረፈም። አዳኞቹ ከጠርዙ አልወረዱም።

እነዚህ ነገሮች በሥዕሉ ላይ የተበተኑ ዝርዝሮች ሆነው ለብቻ ለብቻ ሲነገሩ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህ ምሳሌው ነው፣ ያ ምሥጢሩ ነው እየተባለ። እኔ የምሥጢር ፍለጋው ብዙም አይጥመኝም። ቅንብሩና ዝርዝሩ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ቁልቁለቱ ዓይናችንን ጠርዝ ላይ ያቆመዋል፤ ታፔላው፣ እሳቱ፣ መዘውሩ፣ ወፉ ደግሞ ያንኑ መቆም በየራሳቸው መጠን ይደግሙታል። ሐዘን ነው ማለት ይበዛበታል። ደስታ ነው ማለትም ያው። ከሁለቱ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው ሌላኛውን የቪየና ሥዕል እንደ አዲስ ያየሁት፤ ደመናማው ቀን የሚባለውን፣ የየካቲትና መጋቢቱን፣ ከዚያው ተከታታይ። አመዳዩ ወደ ተራሮቹ አፈግፍጓል፣ ሰዎች ዛፍ ይመለምላሉ፣ አንድ ልጅ የወረቀት ዘውድ ደፍቷል። እዚህ ከፍታው በቀኝ ነው፣ ተራሮቹ በግራ ላይ። ብሩገል የአዳኞቹን ሥዕል አጥንት ራሱ አገላብጦታል። ዓይን በግራ ሲገባ ቀድሞ የሚያገኘው የተናወጠውን ውሃና በማዕበሉ የሚሰባበሩትን መርከቦች ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዛፎቹና ወደ ሰዎቹ ይወጣል። ዳገቱ ላይ ያሉት ሰዎች በሥራቸውና በምግባቸው ተጠምደዋል።